አፍ መፍቻ ያጣችው ልጅ፦ የጂኒ የጉዳይ ጥናት

ጂኒ፣ ለዓመታት በአንድ ክፍል ተዘግቶባት ያደገችው አሜሪካዊት ልጅ፣ አባቷ ያደረገባትን ስትተርክ የተናገረቻቸው ሰባት የእንግሊዝኛ ቃላት ናቸው። ወደ አማርኛ ልመልሳቸው ስነሳ መጀመሪያ የጻፍኩት «አባት ክንድ መታ። ትልቅ እንጨት። ጂኒ አለቀሰች።» የሚል ነበር። መልሼ ሳነበው ልጅቷ ያላለችውን እንዳስባልኳት ገባኝ። «መታ» ስንል የመታው አንድ ወንድ መሆኑን፣ ድርጊቱም ማለፉን አብረን ተናግረናል። «አለቀሰች» ስንል ደግሞ ያለቀሰችው ሴት መሆኗን በመጨረሻዋ «ች» ብቻ አስታውቀናል። የአማርኛ ግስ ማን፣ መቼ፣ በማን ላይ የሚለውን ሁሉ ለብሶ ነው የሚወጣው፤ ራቁቱን አይታይም። የዚህች ልጅ ግሶች ግን ራቁታቸውን ነበሩ። ስለዚህ ለተናገረችው ይበልጥ የሚቀርበው «አባት መምታት ክንድ። ትልቅ እንጨት። ጂኒ ማልቀስ።» የሚለው ነው።

ነገሩ ይገባል። ማን እንደመታ፣ የት ላይ እንደመታ፣ በምን እንደመታ፣ ከዚያም ምን እንደተከተለ ሁሉም አለ። የጎደለው ቃልን ከቃል የሚያጋጥመው ነው፤ የእኛ ልጆች ገና አፋቸውን ሲፈቱ፣ ማንም ቁጭ ብሎ ሳያስተምራቸው፣ ከእናታቸው ጀርባና ከምድጃው ዳር የሚለቅሟቸው «ች»፣ «ኝ»፣ «በ» እና «የ» ዓይነቶቹ። ይህ ጽሑፍ ስለዚያ ጉድለት ነው፤ ከየት መጣ፣ ምን ያህሉ ተሞላ፣ ምን ያህሉስ ሳይሞላ ቀረ።

ጂኒ እውነተኛ ስሟ አይደለም። ማንነቷን ለመሸፈን ተመራማሪዎች ያወጡላት ነው። ጠርሙስ ውስጥ ተዘግቶበት ኖሮ፣ ልጅነት ሳያልፍበት በድንገት ሰው መካከል ብቅ የሚለውን የተረት መንፈስ አስበው ነበር። በእኛ ጆሮ ቃሉ ክፉ ነው፤ ልጁን በዚህ ስም የሚጠራ ወላጅ አይገኝም። ነገር ግን በሳይንሱ ዓለም የምትታወቀው በዚሁ ስለሆነ ሌላ ስም ልሰጣት አልቻልኩም። የወላጆቿን ስም አልጠቅስም። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የተወለደችው በኤፕሪል 1957 በካሊፎርኒያ ነው። ከእርሷ በፊት ከተወለዱት ሦስት ልጆች ሁለቱ በጨቅላነታቸው ሞተዋል፤ የተረፈው አንድ ወንድሟ ነው። አባቷ ጩኸት የማይወድ፣ ልጅም የማይፈልግ ሰው ነበር። እናቷ ዓይኗ እየደከመ ሄዶ ኋላ ለማየት የተቸገረች፣ በባሏ ዱላ የምትኖር ሴት ነበረች። ጂኒ ስትወለድ የዳሌዋ አጥንት ከቦታው የወጣ ስለነበር ለወራት በማስተካከያ ታስራ ቆየች፤ መራመድም ዘገየች። በ14 ወሯ ታማ የመረመራት ሐኪም ምናልባት የአእምሮ እድገቷ ዘገምተኛ ሊሆን ይችላል አለ። ሐኪሙ «ምናልባት» ያለውን አባትየው እንደ ፍርድ ወሰደው። በ1958 መጨረሻ ደግሞ እናቱ በመኪና ተገጭታ ሞተችበት። ከዚያ በኋላ ቤተሰቡን ይዞ ከሰው ተለየ፤ ጂኒንም ወደ ኋለኛው ክፍል አስገብቶ ዘጋባት። ያን ጊዜ 20 ወር ገደማ ሆኗት ነበር።

20 ወር ማለት ልጅ ሁለት ቃል ማገጣጠም የሚጀምርበት ደጃፍ ነው። «ማማ ነይ»፣ «ውሃ ስጪ» የሚባልበት። ደጃፉ ላይ እንደደረሰች ነው በሩ የተዘጋው።

ቀን ቀን የሕፃናት ፖፖ በተገጠመበት ወንበር ላይ በማሰሪያ ትታሰራለች፤ ልብስ የላትም፤ የሚንቀሳቀሱት እጅና እግሯ ብቻ ናቸው። ማታ ካልረሷት እጇን በሚያስር ከረጢት ውስጥ ገብታ በሽቦ መረብ በተከደነ የሕፃን አልጋ ላይ ትጣላለች። መስኮቶቹ ተሸፍነዋል፤ የምታየው የሰማይ ጠርዝ ብቻ ነው። ክፍሏ ውስጥ ሁለት የፕላስቲክ ዝናብ ልብሶች ተሰቅለው ነበር፤ አንዳንዴ እንድትነካቸው ይፈቀድላታል። መጫወቻዎቿ እነዚያና ባዶ የምግብ ዕቃዎች ነበሩ። ምግቧ የሕፃን ገንፎና ለስላሳ እንቁላል ነው፤ ቶሎ ቶሎ ተጎርሳ ያበቃል። ቤቱ ውስጥ ሬዲዮም ቴሌቪዥንም አልነበረም። እናትና ወንድሟ እንዳያናግሯት ተከልክለዋል። አባትየው ራሱ አያናግራትም፤ እንደ ውሻ ይጮህባትና ያጉረመርምባት ነበር። ድምፅ ካሰማች እንጨት አለ። ስለዚህ ድምፅ ማሰማት ተወች።

እዚህ ላይ ቆም ማለት እፈልጋለሁ። ስለዚህ ጉዳይ የሚጻፈው አብዛኛው ነገር «ቋንቋ ሳትሰማ ያደገች ልጅ» ይላታል። እውነት ነው፤ ግን ግማሹ ነው። ጂኒ ቋንቋ አለመስማቷ ብቻ ሳይሆን የራሷን ድምፅ እንድትፈራ ተደርጋለች። ማንኛውም ሕፃን ሲያጉተመትም አንድ ሰው ዞር ብሎ ያየዋል፤ ይስቅለታል፤ ያንኑ ድምፅ ይመልስለታል። ቋንቋ የሚጀምረው በዚያ መመላለስ ነው። ለእርሷ የሚመለሰው ዱላ ነበር።

ከኖቬምበር 1970 ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብሎ እናትየው ከባሏ ጋር ተጣልታ፣ ልጅቷን ይዛ ከቤት ወጥታ ነበር። በኖቬምበር መጀመሪያ ቴምፕል ሲቲ በተባለው የሎስ አንጀለስ አካባቢ ለዓይነ ስውራን የሚሰጠውን ድጎማ ልትጠይቅ ሄዳ፣ በደንብ ስለማታይ ተሳስታ ወደ ማኅበራዊ ጉዳይ ቢሮ ገባች። የቢሮዋ ሠራተኛ ከእናትየው ይልቅ አብራት ያለችውን ልጅ አየች። ጎንበስ ያለች፣ እጆቿን እንደ ጥንቸል ከደረቷ ፊት የያዘች፣ ስድስት ወይም ሰባት ዓመት የምትሆን መሰለቻት። ዕድሜዋ 13 ዓመት ከ7 ወር ነበር። ሠራተኛዋ ለአለቃዋ ነገረች፤ ፖሊስ ተጠራ። ወላጆቹ ተከሰሱ። አባትየው ፍርድ ቤት በሚቀርብበት ቀን ራሱን ገደለ። በእናትየው ላይ የተመሠረተው ክስ እርሷም የተደበደበች ናት ተብሎ ተነሣ፤ ኋላም ዓይኗ በቀዶ ሕክምና ታክሞ ማየት ቻለች።

ጂኒ የሎስ አንጀለስ የሕፃናት ሆስፒታል ስትገባ ክብደቷ 27 ኪሎ ገደማ፣ ቁመቷ 1 ሜትር ከ37 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነበር። ጠጣር ምግብ ማላመጥ አታውቅም። ቀጥ ብላ መቆም፣ እግሯን መዘርጋት አትችልም። ዓይኗ ከክፍሏ ስፋት ብዙም ያልራቀውን ብቻ ነበር አጥርቶ የሚያየው፤ ከዚያ በላይ የሚታይ ነገር ኖሮ አያውቅማ። ሙቀትና ብርድ የሚሰማት አትመስልም። ስትቆጣ ራሷን ትቧጭራለች፣ ፊቷን ትመታለች፣ ትንፈራገጣለች፤ ይህ ሁሉ ሲሆን ግን አንዲት ድምፅ አይወጣትም። ድምፅ የሌለው የልጅ ቁጣ ምን እንደሚመስል ለማሰብ ሞክሬ አልቻልኩም።

ትረዳቸው የነበሩት ቃላት በጣት ከእግር ጣት ጋር ቢቆጠሩ የሚያልቁ ናቸው፤ ስሟ፣ «እናት»፣ «በር»፣ ጥቂት የቀለም ስሞች። የምትላቸው ደግሞ ሁለት የተጣበቁ ሐረጎች ነበሩ፤ «አቁም» እና «በቃ» እንደማለት ያሉ። የመጀመሪያዎቹ ቃሎቿ የትኞቹ እንደሆኑ አንባቢ ልብ ይበል።

ከዚያ በኋላ የሆነው ደስ ይላል፤ ደስ የሚለውን ሳይናገሩ ማለፍ ደግሞ እርሷን መበደል ነው። በጥቂት ወራት ውስጥ ስም የሌለው ነገር ማየት አልወድ አለች። የሰው እጅ ይዛ ነገሩ ላይ ታስቀምጣለች፤ ስሙን እስኪነግሯት ትጠብቃለች። በ1971 ከእርሷ ጋር መሥራት የጀመረችው ሱዛን ከርቲስ ያን ጊዜ በሎስ አንጀለሱ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ልሳን ተማሪ ነበረች፤ መምህሯም ቪክቶሪያ ፍሮምኪን ናት። ከርቲስ ልጅቷን ይዛ ገበያ ትወጣለች፣ ትጫወታለች፣ ፒያኖ ትመታላታለች፤ የምትለውን ሁሉ ትመዘግባለች። በዚያ መዝገብ ውስጥ ከቋንቋ ውጭ የሆኑ ታሪኮችም አሉ። አንድ ጊዜ አባትና ልጅ ከሱቅ ሲወጡ ልጁ የእሳት አደጋ መኪና መጫወቻ ይዞ ነበር። ጂኒ አንድ ቃል አልተናገረችም፤ እጇንም አልዘረጋችም። አልፈዋት ከሄዱ በኋላ ልጁ ተመልሶ መጣና መኪናውን ሰጣት። ሌላ ጊዜ መንገድ ላይ ቆማ ሳለ አንዲት የማታውቃት ሴት ከመኪናዋ ወርዳ እየሮጠች መጥታ የያዘችውን የፕላስቲክ ቦርሳ ሰጠቻት። ፕላስቲክ እንደምትወድ ማን ነገራት? ከነዚያ ሁለት የዝናብ ልብሶች የተረፈ ፍቅር መሆኑን የሚያውቁት አብረዋት ያሉት ብቻ ነበሩ። ከርቲስ እንደምትለው ጂኒ ያለ ቃል ልቧ ውስጥ ያለውን ለሰው ማሳወቅ የምትችል ልጅ ነበረች። የመግባባት ፍላጎት አልጎደላትም፤ ይህን አጥብቄ መያዝ ያስፈልገኛል፤ ምክንያቱም ቀጥሎ የምናየው ጉድለት ከፍላጎት ማነስ የመጣ አይደለም።

በ1971 አጋማሽ ሁለት ቃል ማገጣጠም ጀመረች፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ ሦስትና አራት። «የተፈጨ ፖም መግዛት ሱቅ» የሚለው ብዙ ጊዜ ይጠቀሳል። ማንኛውም ልጅ በዚህ በኩል ያልፋል። ልዩነቱ ልጅ እዚህ ላይ አይቆይም። ሁለት ቃል ካጋጠመ ከጥቂት ወራት በኋላ ማያያዣዎቹ እንደ ክረምት ሣር ከየቦታው ይበቅላሉ። ከርቲስ ያንን ትጠብቅ ነበር። ቃላቱ በዙ፤ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሆኑ፤ የዓረፍተ ነገሮቹ ርዝመትም ቀስ እያለ ጨመረ፤ ሣሩ ግን ሳይበቅል ቀረ።

አሉታውን እንይ። እንግሊዝኛ የሚለምድ ልጅ መጀመሪያ «አይ» የሚለውን ቃል ከዓረፍተ ነገሩ ፊት ለጥፎ ይናገራል፤ ብዙም ሳይቆይ አሉታው ወደ ውስጥ ገብቶ ግሱ አጠገብ ይቀመጣል። በአማርኛ ቢሆን «አል» እና «ም» ግሱን ከፊትና ከኋላ አቅፈው «አልበላም» ይሆናል። ጂኒ ለዓመታት «አይ»ን ከፊት እንደለጠፈች ቆየች። ጥያቄ ደግሞ ከነጭራሹ አልወጣላትም። «ማን»፣ «የት»፣ «ምን» ተብላ ስትጠየቅ ይገባታል፤ ትክክለኛ መልስም ትሰጣለች። ራሷ እንድትጠይቅ ሲያለማምዷት የሚወጣው ግን «የት ነው ሳንቲም ላግኝ» ዓይነት ነበር። ሰዎቹ የሸመደደችው ነገር እያስጨነቃት እንደሆነ አይተው ተዉት።

ከሁሉ በላይ የሚያመኝ የተውላጠ ስሙ ነገር ነው። «እኔ» እና «አንቺ» የሚባሉት ቃላት ከተናጋሪ ወደ ተናጋሪ የሚገለባበጡ ናቸው፤ እኔ ስናገር «እኔ» የሆንኩት አንቺ ስትናገሪ «አንቺ» እሆናለሁ። ይህን ለመልመድ ከሰው ጋር ፊት ለፊት ተቀምጦ ብዙ ሺህ ጊዜ መመላለስ ይጠይቃል። ጂኒ አልተሳካላትም። አንድ ጊዜ እናቷ እንደምትወዳት ልትናገር ፈልጋ፣ ጣቷን ወደ ራሷ ደረት ቀስራ፣ «እናት መውደድ አንቺ» አለች። ጣቷ «እኔን» ይላል፤ አፏ «አንቺን»።

ታዲያ አእምሮዋ ነው የተጎዳው? ከቋንቋ ውጭ ያሉት ፈተናዎች እንዲህ ብሎ መደምደምን ይከለክላሉ። ከተቆራረጡ ጥቁርና ነጭ ነጠብጣቦች ፊትን መለየት፣ የተበተነ ቅርጽን በሐሳብ መግጠም፣ ቦታና አቅጣጫን ማስላት በሚጠይቁት ላይ ከአዋቂ ጋር የምትስተካከል፣ አንዳንዴም የምትበልጥ ሆና ተገኘች። ስታድግ የማስታወስ ችሎታዋም ይደንቅ ነበር። መጀመሪያ ላይ የጠቀስኩትን የእንጨቱን ነገር አስቡ፤ የተፈጸመባት ቋንቋ ባልነበራት ጊዜ ነው፤ ቃላቱ ሲመጡ ግን ያለፈውን መልሳ ተረከችበት። ትዝታው ቃላት እስኪያገኝ ጠብቋታል ማለት ነው።

ቀጥሎ የመጣው የጆሮ ፈተና ነው። በሁለት ጆሮ በአንድ ጊዜ የተለያየ ቃል ይሰማል፤ የሰማችውን ታመለክታለች። በቀኝ እጁ የሚጠቀም ሰው ብዙውን ጊዜ ቋንቋን የሚያስተናግደው በግራ የአንጎል ክፍል ስለሆነ በቀኝ ጆሮው፣ ማለትም በዋናነት ወደ ግራው ክፍል በሚያመራው በኩል፣ የገባውን ቃል የተሻለ ይይዛል። ጂኒም ቀኝ እጇን የምትጠቀም ናት። ውጤቷ ግን የተገለበጠ ሆነ፤ በግራ ጆሮዋ የገባውን ሁሉ ያዘች፤ በቀኝ የገባውን በግምት ያህል ብቻ። ሁለቱም ጆሮዎች ለየብቻ ሲፈተኑ ደህና ናቸው። እንዲህ ያለ ልዩነት የሚታየው የግራው የአንጎል ክፍላቸው በቀዶ ሕክምና በተወገደባቸው ሰዎች ላይ ነው። ከርቲስ በ1977 ባቀረበችው ጥናት የሰጠችው ማብራሪያ ይህ ነው፦ የግራው ክፍል በጊዜው ቋንቋ ስላልመጣለት ለቋንቋ ሳይሰናዳ ቀረ፤ ቋንቋው ዘግይቶ ሲመጣ የተቀበለው ቀኙ ነው፤ ቀኙም ቃላትን መሸከም ቻለ እንጂ ሰዋስውን መገጣጠም አልቻለም።

ጂኒ ከመገኘቷ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ የሥነ ልሳን ምሁሩ ኤሪክ ሌነበርግ አንድ ሐሳብ አቅርቦ ነበር፦ ሰው የመጀመሪያ ቋንቋውን በተፈጥሮ መንገድ የሚለምድበት የተወሰነ የዕድሜ ክልል አለ፤ እርሱም ከሁለት ዓመት ገደማ እስከ ጉርምስና ነው። ጂኒ ወደዚያ ክርክር መሐል የገባችው በ13 ዓመቷ፣ የጉርምስና ደፍ ላይ ቆማ ነው። ብዙዎች እርሷን የሐሳቡ ማረጋገጫ አድርገው ያቀርቧታል። እኔ እንዲህ ብዬ ለመናገር አልደፍርም። የተነፈገችው አንድ ነገር ብቻ ቢሆን ኖሮ ማስረጃ ትሆን ነበር፤ እርሷ ግን የተነፈገችው ቋንቋን፣ ምግብን፣ እንቅስቃሴን፣ ብርሃንን፣ እቅፍን አንድ ላይ ነው፤ በላዩም የ12 ዓመት ዱላ አለ። ከዚህ ውስጥ ዘግይቶ መጀመሩን ብቻ ለይቶ «ይህ ነው ያደረገው» ማለት አይቻልም። ጄይ ሸርሊ የተባለው ሐኪም እንቅልፏን በመሣሪያ ሲመዘግብ ያልተለመደ የአንጎል ሞገድ አይቶ ከተወለደች ጀምሮ ጉዳት ይኖርባት ይሆናል ብሎ ነበር። ከርቲስ ደግሞ በየዓመቱ በፈተናዎቹ ላይ እያደገች መሄዷን ጠቅሳ አልተቀበለችውም። ፒተር ጆንስ የተባለ ምሁር በ1995 ዝርዝሩን መልሶ አገላብጦ፣ ከርቲስ ከ1977 በኋላ የጻፈቻቸው ጽሑፎች ልጅቷ በእርግጥ የለመደችውን ሰዋስው አሳንሰው ያቀርባሉ ሲል ተከራክሯል። የእርሱ ክርክር ሚዛን የሚደፋ ይመስለኛል። «ሰዋስው የላትም» ሳይሆን «ጥቂት አላት፣ ያም ሳይጸና ቀረ» ብንል ለመዝገቡ የተሻለ እንታመናለን።

ዕድሜ ለውጥ እንደሚያመጣ ግን ሌላ ቦታ በተሻለ ይታያል። በ1938 በኦሃዮ ኢዛቤል የሚል የሽፋን ስም የተሰጣት ልጅ ተገኘች። ስድስት ዓመት ተኩሏ ነው። ከማትሰማና ከማትናገር እናቷ ጋር በጨለማ ክፍል ተዘግቶባት ነበር፤ ቃል የሚባል አልነበራትም። ሁለት ዓመት ሳይሞላ እኩዮቿን ደረሰችባቸው፤ በ16 ወራት ውስጥ የቃላቷ ቁጥር ከ1500 በላይ ሆነ፤ ጥያቄም ጠየቀች፣ ተረትም ተረተች። ሁለት ልዩነቶች አሏት፤ ዕድሜዋ ከጂኒ በግማሽ ያንሳል፤ በዚያ ጨለማ ውስጥም አብራት የነበረች እናት በምልክት ታነጋግራት ነበር። መመላለሱ አልተቋረጠባትም።

በእኛው ዘመን ደግሞ በቡካሬስት ከ2000 ጀምሮ በ136 የሕፃናት ማሳደጊያ ልጆች ላይ የተካሄደው ጥናት አለ። ልጆቹ በዕጣ ተከፍለው ግማሾቹ ለአሳዳጊ ቤተሰብ ተሰጡ። 15 ወር ሳይሞላቸው ቤት ያገኙት ቋንቋቸው እንደ ማንኛውም ልጅ ሆነ። ሁለት ዓመት ካለፋቸው በኋላ የተወሰዱት ግን በቋንቋ በኩል ማሳደጊያው ውስጥ ከቀሩት ብዙም አልተሻሉም። እነዚያን ሕፃናት እንደ ጂኒ አስሮ በዱላ ዝም ያሰኛቸው የለም። ይመገባሉ፣ ይታጠባሉ፣ ጨርቃቸው ይቀየራል። አንድ ሞግዚት ለብዙ ልጅ ስለሆነች ግን ሲያጉተመትሙ ዞር ብሎ የሚመልስላቸው የለም። ለእኔ ይህ ከጂኒ ታሪክ ይልቅ እንቅልፍ ይነሣል፤ ጭካኔ ሳይኖርም ያው ጉድለት ሊደርስ ይችላልና።

ከዚህ ተነሥቼ ወደ አገሬ ማየቴ አይቀርም። የማይሰማ ልጅ የተወለደለት፣ የሚወደው፣ ለራሱ ሳይበላ የሚያበላው፣ ግን የምልክት ቋንቋ የማያውቅ ወላጅ በየመንደራችን አለ። ልጁ በእጅ ጥቆማ «ና»፣ «ብላ»፣ «ሂድ» እየተባለ ስምንትና አሥር ዓመት ይሞላዋል፤ ትምህርት ቤት የሚያገኘውም ያን ጊዜ ከሆነ ዕድለኛ ነው። ሰዉ «ደህና ልጅ ነው፣ ያው አይሰማም እንጂ» ይላል። ከርቲስ ያጠናቻት ሌላ ሴት አለች፤ ቼልሲ በሚል የሽፋን ስም ትታወቃለች። በደንብ የሚንከባከባት ቤተሰብ ነበራት። አለመስማቷ የአእምሮ ዘገምተኝነት ተብሎ እስከ 31 ዓመቷ ቆየ። የመስሚያ መሣሪያ ከተደረገላት በኋላ ቃላት ለመደች፣ ሥራም ሠራች፤ ዓረፍተ ነገሮቿ ግን ተበታትነው ቀሩ። የዚህች ሴት ታሪክ ፍቅር ቋንቋን እንደማይተካ ያሳያል። የማይሰማ ልጅ የምልክት ቋንቋ ሊሰጠው የሚገባው በጡት ዕድሜው ነው፤ ወላጁም አብሮ መማር አለበት። ትምህርት ቤት እስኪገባ መጠበቅ ይህን ጉዳት እያዩ መጠበቅ ነው።

ወደ ጂኒ ልመለስ። ከሆስፒታል ወጥታ መጀመሪያ አንዲት አስተማሪዋ ቤት ለጥቂት ጊዜ ቆየች፤ ከዚያ በ1971 ክረምት የጥናቱ መሪ ዴቪድ ሪግለር ከባለቤቱ ጋር ቤቱ ተቀበላት። አራት ዓመት እዚያ ኖረች። የሰውየው ውሻ መጀመሪያ ሲያስፈራት ምክንያቱን ለመገመት አስቸጋሪ አልነበረም። ቁጣዋን ወደ ራሷ ከመመለስ ይልቅ በሩን መዝጋት፣ እግሯን መሬት ላይ መምታት፣ በቃል መናገር ለመደች። ቃል ሲያጥራት ትሥላለች። በኋላ ጥቂት የእጅ ምልክቶችም ተማረች።

በዚያ ቤት ሁለት ነገሮች ተደባልቀው ነበር፤ ልጅን ማሳደግና ልጅን ማጥናት። እጅ የሚይዛት ሰው ማታ ማስታወሻ ይጽፋል፤ ያቀፋት ሰው በማግሥቱ ፈተና ያቀርብላታል። ሰዎቹ ክፉ ነበሩ አልልም፤ የከርቲስ ፍቅር ከጽሑፎቿ ይታያል። ነገር ግን የቤቱ ወጪ ከምርምር ገንዘብ ጋር ታስሮ ነበር። በ1974 ገንዘቡን ይሰጥ የነበረው የአሜሪካ ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ተቋም የጥናቱ አካሄድ አላረካኝም ብሎ አቆመ። በ1975 ክረምት መግቢያ ላይ ጂኒ ከሪግለር ቤት ወጣች።

ወደ እናቷ ተመለሰች፤ ያ ታስራ ያደገችበት ቤት ነው። እናትየው አልቻለችም። ከዚያ ከአንድ አሳዳጊ ወደ ሌላ አሳዳጊ መንከራተት ጀመረች። ከነዚህ በአንዱ ቤት በማስታወኳ ተቀጣች። ከዚያ ወዲያ አፏን መክፈት አቆመች። ብትከፍተው ትውከት ይወጣል፣ ትውከት ከወጣ ቅጣት ይመጣል ብላ ፈርታ ለወራት ጥርሷን ነክሳ ኖረች። አባቷ በእንጨት ያስተማራት ትምህርት ተመልሶ መጣ። የሚናገሩት እጆቿ ብቻ ነበሩ፤ ከርቲስ ስትጎበኛት በሪግለር ቤት በተማረቻቸው ጥቂት ምልክቶች ትነግራት ነበር። በ1977 ወደ ሆስፒታል ተመለሰች።

እናትየው በ1978 ተመራማሪዎቹ እንዳያዩዋት ከለከለች፤ በሚቀጥለው ዓመት ልጄን ከልክ ባለፈ ፈተና አስጨንቀዋታል ብላ ከሰሰች፤ ክሱም በ1984 በስምምነት አለቀ። ከርቲስ ልጅቷን ለማግኘት ያደረገችው ሙከራ አልተሳካም። የእናትየውን ውሳኔ ለመኮነን ይከብደኛል፤ ባሏ ለዓመታት ልጇን እንዳታናግር የከለከላት ሴት፣ በመጨረሻ ማን ልጇን ማናገር እንዳለበት እርሷ ትወስን ዘንድ ፈልጋለች። ውጤቱ ግን ለጂኒ የቀሩትን ጥቂት የምታውቃቸውን ሰዎች ማጣት ሆነ።

ከዚያ ጊዜ ጀምሮ በደቡብ ካሊፎርኒያ በመንግሥት ጠባቂነት ሥር ባሉ የአዋቂዎች መንከባከቢያ ቤቶች ውስጥ እንደኖረች ይነገራል። መዝገቡ ቆሟል። የመጨረሻዎቹ ገጾች ላይ ያሉት በድምፅ የተነገሩ ዓረፍተ ነገሮች አይደሉም፤ አፏን ዘግታ በእጇ የተናገረቻቸው ናቸው።